ችፌ ያለባት ልጅ ላይ ምች ሲወጣ፦ ጥፋተኛው ቅባቱ ነው?

ጥያቄው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር፣ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የአራት ዓመት ልጄ ከስድስት ወሯ ጀምሮ ችፌ አለባት። ባለፈው ወር ትኩሳት ያዛትና ጉንጯና አንገቷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች በአንድ ሌሊት ወረሯት። ምች ነው ብለን ዳማከሴ ጨምቀን ቀባናት፤ ባሰባት። ሆስፒታል ተኝታ በደም ሥር በተሰጣት መድኃኒት ዳነች። ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ችፌው ላይ ገብቶ ነው አሉን። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ‹ያ የስቴሮይድ ቅባት ነው ቆዳዋን ያሳሳው› ይለኛል። ፈርቼ ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ችፌው ግን ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ በጀልባ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል፤ እሱም ከንፈሩ ላይ ምች ይመላለስበታል። እውነት ጥፋቱ የቅባቱ ነው? ድጋሚ ይይዛታል? የሁለት ወር ወንድምም አላት። ሐይቅ ውስጥ መግባትስ ትችላለች?»

እህቴ፣ እንኳን ማረልዎ። ልጅዎ ያለፈችበት ቀላል ነገር አይደለም።

አጭሩ መልስ፦ አይደለም፣ ቅባቱ አይደለም። እንዲያውም ከጻፉት ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ቅባቱን ማቆምዎ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ልጅዎን የያዛት ነገር በሕክምናው ኤክዜማ ሄርፔቲከም ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 የሚባለው ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ወጥቶ ምች የምንለውም የእሱ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይህን ቫይረስ ተሸክሞ ይኖራል። ብዙው ሰው መያዙንም አያውቅ። ቆዳው ጤነኛ የሆነ ሰው ከንፈሩ ትንሽ ያቃጥለዋል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይደርቃል፣ በቃ። ችፌ ያለበት ሰው ላይ ግን አንዳንዴ እዚያ አይቆምም። ችፌው ባለበት ሁሉ ይሰራጫል።

አንዳንዴ ያልኩት በምክንያት ነው። ችፌ ካለባቸው ሰዎች ይህ የሚደርስባቸው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። እነዚያ ጥቂቶቹ እነማን ናቸው? ዋናው ነገር እሱ ነው።

በመጀመሪያ ቆዳውን እንይ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ምርጊቱ ሲሰነጣጠቅ ዝናብም ነፍሳትም እንደልባቸው ይገባሉ። የችፌ ቆዳም እንዲሁ ነው። የላይኛው ሽፋን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በማከክ ደግሞ ይላጣል። ቫይረሱ ከታች ያሉትን ሕያው ሕዋሶች በቀላሉ ያገኛል። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ጤነኛ ቆዳ ቫይረስና ባክቴሪያ የሚገድሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ራሱ ያመርታል። በችፌ ጊዜ ግን የሰውነት መከላከያ ወደ አለርጂ ያጋደለ ነው። ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉት መልእክተኞች ይበዛሉ፤ እነሱ ሲበዙ የእነዚያ ፕሮቲኖች ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ ቆዳው ክፍት ብቻ ሳይሆን ጠባቂውም የደከመ ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ ስታፊሎኮከስ ኦረስ የሚባል ባክቴሪያ። ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ ይሄ ባክቴሪያ በብዛት ይኖራል። የሚያወጣው መርዝ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ በቀላሉ ገብቶ እንዲራባ ያግዘዋል። ልጅዎ ከዚያ በፊት ችፌው ላይ መግል ይቋጥርባት፣ ቢጫ ቅርፊት ይጋገርባት ከነበረ ይሄ ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ጣጣ ይበልጥ የተጋለጡት፣ ችፌው ገና በጨቅላነታቸው የጀመራቸው፣ ችፌው ከባድና ሰፊ የሆነባቸው፣ ከችፌው ጋር አስም ወይም የምግብ አለርጂ ያለባቸው፣ ደማቸው ውስጥ አይጂኢ የሚባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ያለባቸው፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ የያዛቸው ናቸው። ልጅዎ በስድስት ወሯ እንደጀመራት ነግረውኛል። አሁን ደግሞ አንዴ ይዟታል። ድጋሚ ይይዛታል ወይ ላሉት፣ ሊይዛት ይችላል። ቫይረሱ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀለል ይላል፤ እርስዎም አሁን ምልክቱን ያውቁታል።

ስለ ዘር ውርስ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኢንተርኔት ላይ ያነበቡ ወላጆች ፊላግሪን የሚባል ጂን ያነሱልኛል። በአውሮፓውያን ዘንድ የዚህ ጂን ጉድለት ችፌንም፣ ከችፌ ጋር የሚመጣውን ሄርፒስም ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ግን እነዚያን የአውሮፓውያን የጂን ጉድለቶች አላገኘባቸውም። የእኛ ሰው ችፌ መነሻው ሌላም መንገድ አለው ማለት ነው። ስለዚህ የፈረንጅ የጂን ምርመራ ፍለጋ ገንዘብ አያውጡ።

አሁን ወደ ቅባቱ። ከአደጋ ምክንያቶች ሁሉ በእጃችን ያለው አንድ ነው፤ ችፌው በሕክምና መያዙ ወይም ተለቅቆ መተዉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀርመን ሐኪሞች ይህ ሕመም ያጋጠማቸውን 100 ታማሚዎች መዝገብ መርምረው አንድ ነገር አገኙ። ከአራቱ ሦስቱ ሕመሙ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት ምንም የስቴሮይድ ቅባት አልተቀቡም ነበር። ቅባቱ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛው፣ ቁጥሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ሰዎቹን ያጋለጣቸው ያልታከመ፣ የተላጠ፣ የታከከ ችፌ ነው። ጎረቤቶችዎ ለልጅዎ አስበው ነው፤ ግን ምክራቸው ሲገላበጥ ልክ ይሆናል።

በእርግጥ ጎረቤት ቅባትን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሱቅ የሚገዛ፣ ስሙ «ማስዋቢያ» የሆነ፣ ውስጡ ግን ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አለ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ ደም ሥር ያሳያል፣ ብጉር ያወጣል። ይሄ እውነት ነው። ሌላም አለ፤ ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ቱቦ የተቀላቀለበት። ፋርማሲ ሄዶ «ለሚያሳክክ ነገር» ሲባል ቶሎ የሚሰጠው ይሄ ነው። እከክም ይሁን ጭርት፣ ሄርፒስም ይሁን ችፌ፣ ለሁሉም ያው ቱቦ። ለጊዜው መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ትክክለኛው በሽታ ግን ሥር እየሰደደ ይሄዳል። እኔ ይሄን ቅልቅል አልወደውም፤ ልጆች ፊት ላይ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ።

ሐኪም ያዘዘልዎት ግን ሌላ ነው። ለፊት ለስላሳው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮኮርቲዞን። ለክንድና ለጉልበት መታጠፊያ ትንሽ ጠንከር ያለው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ችፌው እስኪለሰልስ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። መጠኑን እንዲህ ይለኩ፤ ከቱቦው ጨምቀው በራስዎ ሌባ ጣት ላይ፣ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያስረዝሙት። ይህ የሁለት አዋቂ መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይሸፍናል። ጣቶቹም መዳፉ ውስጥ ይቆጠራሉ። አብዛኛው እናት ከፍርሃት የተነሳ የዚህን ሩብ ትቀባና «አልሠራም» ትላለች።

አሁን ልጅዎ ላይ አዲስ ውሃ የቋጠረ ነገር ከሌለና የድሮው ቁስል ሙሉ በሙሉ ከደረቀ፣ ቅባቱ ይመለስ። ሆስፒታል ያከማትን ሐኪም ወይም በቅርብ ያለ የቆዳ ሐኪም አሳይተው፣ በዚህ ሳምንት። ትኩስ የሄርፒስ ቁስል ላይ ግን አሲክሎቪር የሚባለው የሄርፒስ መድኃኒት ሳይጀመር ስቴሮይድ ብቻውን አይቀባም። ታክሮሊመስ የሚባለው ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባትም ከታዘዘልዎ፣ ሄርፒስ በወጣ ጊዜ ይቆማል።

የእኛ ቆዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። መጽሐፍ ላይ ችፌ «ቀይ» ነው የሚለው። ጠይም ወይም ጥቁር ልጅ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ግራጫ የሚመስል፣ ሻካራና ደደር ያለ ቆዳ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ወላጅም ሐኪምም የችፌውን ክብደት አሳንሶ ይገምታል። በዓይን ብቻ አይመኑ። በጣትዎ ይዳስሱት። ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይልቅ ከሞቀ፣ ከደደረ፣ ልጅቷም ሌሊት እያከከች የምትነቃ ከሆነ ችፌው አልተኛም።

ስለ ባለቤትዎ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ቫይረሱ ከማንም ሊመጣ ይችላል። ግን የእሳቸው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ፀሐይ ምች ይቀሰቅሳል የሚለው የአገራችን እምነት ልክ ነው። የፀሐይ ጨረር የተኛውን ቫይረስ ያነቃዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨረሩ ጠንካራ ነው። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ለሚውል ሰው ውሃውም የተወሰነውን እያንጸባረቀ ከታች ይመልስበታል። ከዘጌ ሲመለሱ ከንፈራቸውን ቢለበልባቸው አይገርምም። ማታ ቤት ገብተው ልጃቸውን አገላብጠው ይስማሉ። ማን አባት አይስምም? ልጅ አይቶ አለመሳም በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ይንገሯቸው። ባርኔጣው ሰፊ ጠርዝ ያለው ይሁን። ከንፈር ላይ የፀሐይ መከላከያ ያለበት ቅባት ይቀቡ። ከንፈራቸው መብላት ወይም መለብለብ ከጀመረበት ሰዓት ጀምሮ፣ ውሃው ከመቋጠሩም በፊት፣ ቅርፊቱ ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ ልጆቹን አይሳሙ። በራሳቸው ኩባያ ይጠጡ፣ በራሳቸው ፎጣ ይጠቀሙ፣ ጉርሻም ይቅር። ቁስሉን ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ የልጅቷን ቅባት አይቀቡላት። ይሄ ለአክስቶችም፣ ለአያቶችም፣ ለክርስትና ድግስ እንግዳም ይሠራል። ቫይረሱ አንዳንዴ ምንም ቁስል ሳይኖርም በምራቅ ይወጣል፤ ያንን መከላከል አይቻልም፣ አይጨነቁበት። ትልቁን አደጋ መቀነስ በቂ ነው።

ዳማከሴን በተመለከተ፣ ያደግንበት ነው፣ አልነቅፈውም። ጤነኛ ሰው ግንባሩን ቢታሽበት ግድ የለኝም። የተላጠ የችፌ ቆዳ ላይ ግን የማንኛውም ቅጠል ጭማቂ ያቃጥላል፣ ማሸቱ ደግሞ የቋጠረውን አፈንድቶ ቫይረሱን ወደ ጤነኛው ቆዳ ያዳርሰዋል። ጠበልም ቢሆን እምነትዎ ነው፤ ይውሰዷት። ትኩሱ ቁስል እስኪደርቅ ይቆይ፣ ፎጣዋ የራሷ ይሁን፣ መድኃኒቷ አይቋረጥ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ሄርፒስ ብቻ አይደለም ችፌን የሚወደው። ሞለስከም የሚባል አለ። ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰሉ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መሀላቸው ጎድጎድ ያለ ትንንሽ እባጮች ናቸው። ሲያኳቸው ይበዛሉ። በፎጣና አብሮ በመታጠብም ይተላለፋሉ። ትኩሳት የላቸውም። ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በራሳቸው ይጠፋሉ። በመርፌ መውጋት፣ በምላጭ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ጠባሳ ይተዋል። በዙሪያቸው ያለውን ችፌ ማከም ነው ትልቁ መድኃኒት። አዋቂ ሰው ፊት ላይ ሞለስከም በብዛት ከወጣ ግን የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ኮክሳኪ የሚባሉት ቫይረሶችም እጅ፣ እግርና አፍ ላይ ከሚያወጡት ሌላ ችፌው ላይ ተሰብስበው ሄርፒስ ሊመስሉ ይችላሉ። ድሮ ፈንጣጣ ሳይጠፋ ክትባቱ ችፌ ላለበት ሰው አይሰጥም ነበር፤ የክትባቱ ቫይረስ ራሱ ችፌው ላይ ይሰራጭ ስለነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. አገራችን የገባው ኤምፖክስም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ችፌ ያለበት ሰው ላይ ሊከብድ ይችላል። የልጅዎን መደበኛ ክትባቶች ግን ችፌ አለባት ብለው አያስቀሩባት።

አሁን በደንብ ያንብቡልኝ። ሄርፒሱ ድጋሚ ከመጣ እንዴት ያውቁታል? ችፌ ዝርክርክ ነው፤ ጠርዙ አይለይም፣ ቁስሎቹም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። ሄርፒስ ግን በእኩል መጠን ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር የሚሆኑ፣ ተመሳሳይ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ ብዙዎቹ መሀላቸው ጎድጎድ ያለ። ተሰብስበው ይወጣሉ። በአንድ ሁለት ቀን ይፈነዱና ጠርዛቸው ጥርት ያለ፣ ክብ፣ ጥልቅ ቁስል ይተዋሉ። ከዚያ ደም የቀላቀለ ቅርፊት ይይዛሉ። ማሳከኩ ወደ ሕመም ይቀየራል። ይህን ልብ ይበሉ፤ ችፌዋን ታክ የነበረች ልጅ «አትንኪኝ» ማለት ከጀመረች አንድ ነገር አለ። ትኩሳት፣ አልበላም ማለት፣ አንገት ሥር ንፍፊት ይጨመሩበታል። ቫይረሱ ከነካት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ 12 ቀን ነው የሚወጣው። ስለዚህ የባለቤትዎ ከንፈር ላይ ከታየ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ዓይንዎን አይንቀሉባት።

ካዩ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ባጃጅ ይጥሩና ይውሰዷት። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የቀረበዎት። «ከዚህ በፊት ኤክዜማ ሄርፔቲከም ይዟት ነበር» ብለው ስሙን ይናገሩ፤ የመውጫ ወረቀቷን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። አሲክሎቪር የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ነው የሚጀመረው። በዘገየ ቁጥር የሆስፒታል ቆይታው ይረዝማል። ቱቦ ውስጥ ያለው የአሲክሎቪር ክሬም ለዚህ አይበቃም፤ የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ነው የሚያስፈልጋት። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ይህ በሽታ ሕፃናት ይገድል ነበር። ቁስሉ ዓይኗ አጠገብ ከሆነ፣ ዓይኗ ከቀላ ወይም ብርሃን ካስቸገራት የዓይን ሐኪምም በዚያው ቀን ይያት። ኮርኒያ በሚባለው፣ ብርሃን በሚያስገባው የዓይን ፊተኛ ሽፋን ላይ ጠባሳ ከተወ እይታዋን ይጎዳል።

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ብዙ አልልም፤ የአራት ዓመት የችፌ እናት ነዎት፣ ያውቁታል። በለብ ባለ ውሃ፣ በአጭሩ፣ ያለ ልብስ ሳሙና ትታጠብ። ወዲያው፣ ቆዳዋ እርጥብ እያለ ቫዝሊን ይቀባ። አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን አለ። የቫዝሊኑ ዕቃ ውስጥ ጣት አይግባ። ቁስል የነካ ጣት ዕቃው ውስጥ ሲመላለስ ባክቴሪያና ቫይረስ እዚያ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ መልሰን እንቀባታለን። በንጹህ ማንኪያ እጅዎ ላይ ያውጡ፣ ከዚያ ይቀቡ። ባለፈው ወር ታማ ሳለ ሲጠቀሙበት የነበረውን ዕቃና ቱቦ ይጣሉት። ጥፍሯ በየሳምንቱ ይቆረጥ።

የሁለት ወሩ ወንድሟ፣ እሱ ላይ ጥብቅ ይሁኑ። ጨቅላ ሕፃን ላይ ሄርፒስ ችፌ ባይኖርም እንኳ ወደ አንጎልና ወደ ጉበት ሊገባ ይችላል። በተለይ በመጀመሪያው ወር። እሱን አልፏል፣ ተመስገን። አሁንም ግን ከንፈሩ የቆሰለ ሰው አይሳመው። እርስዎ ጡትዎ ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ ያጥቡት፤ እህቱን ቀብተው ከጨረሱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይንኩት። ትኩሳት፣ መፍዘዝ፣ ጡት እምቢ ማለት ወይም አንዲት እንኳ ውሃ የቋጠረች ነገር ካዩበት አይጠብቁ።

ሐይቁ ቀረ። ጣና ሄርፒስ አያስይዛትም። ቁስሏ እስኪደርቅ ግን የሐይቅ ውሃ አይንካት፤ ባክቴሪያ ይገባባታል። ከዳነች በኋላም ቢሆን ባሕር ዳር ዙሪያ ያለው የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለበት፣ ችፌ ኖረባትም አልኖረባት ልጅ እንዲንቦጫረቅበት አልመክርም። ከአባቷ ጋር ጀልባ ላይ መውጣት ከፈለገች ትውጣ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፣ ኮፍያ ታድርግ፣ ፎጣዋንም ይያዙላት።